ከድሮኑ ውረዱ!

ከሰማይ የተነሳ የአዲስ አበባ ፎቶ ሰልችቶኛል። ታውቁታላችሁ፦ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መስቀል አደባባይ፣ የመኪና መብራት ሰልፍ፣ ደመናውን የተደገፈ የንግድ ባንክ ሕንፃ፣ ከሥሩም «አዲስ አበባዬ» የሚል ጽሑፍና ሦስት ልብ። በየስልካችን በቀን አሥሬ ያልፋል። ድሮኑ ከጣሪያ በላይ ከወጣ ወዲያ ሰው የሚባል ፍጥረት የለም። ቆሎ ሻጯ፣ ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ታክሲ ተራ ላይ ጉሮሮው እስኪነቃ የሚጣራው ወያላ፣ ሁሉም ከነጥብ ያንሳሉ። ከተማዋም ንጹሕ ሆና ትታያለች። ለምን ንጹሕ አትሆን? እኛ የለንባትማ!

የአንድ ከተማ ታሪክ ያለው መሬት ላይ ነው፤ ግድግዳው ላይ፣ ደጃፉ ላይ፣ በረንዳው ላይ። እሱን ሊይዝ የሚችለው በእግሩ የሚዞር፣ አቧራ የሚጠግብ፣ «ደህና ዋላችሁ» ብሎ ቆም የሚል ባለ ካሜራ ነው። ውድ ሌንስ አያሻውም፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይበቃዋል። እንዲህ ያለው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ጠላት አለው። አንዱ «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» የሚለው ሰሌዳና ከሰሌዳው ሥር የቆመው ዱላ ነው። ሌላው እኛው ነን፤ ፎቶ አንሺ ነን ባዮቹ። ዛሬ ሁለቱንም አልምርም።

ከመነሻው እንያዘው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወርዳ ስትቆረቆር ካሜራ ለአገሩ ባዳ አልነበረም። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር ያሰባሰቡት የጥንት ፎቶዎች መጽሐፍ በፈረንጆቹ ከ1867 ይጀምራል። ያነሳው ማን ነው ብላችሁ ስትጠይቁ ግን መልሱ ያው ነው፦ ዘማች ፈረንጅ፣ ሚሲዮናዊ፣ ዲፕሎማት፣ አገር አሳሽ። ከእነሱ ቀጥሎ የቤተ መንግሥቱ ሰው ይመጣል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አደረሱት። ሽመልስ ደስታም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የገባበትን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት በደርግ ጊዜም ቀጠለበት። እነዚህን ሰዎች አላቃልልም፤ እጃቸው ይባረክ። ግን ሥራቸው ዙፋኑን መከተል ነበር። ውጤቱን ተመልከቱት፤ የጃንሆይን ትንሿን ውሻ ሉሉን በመልኳም በስሟም እናውቃታለን፤ ያኔ የእንጨት ሸክም አዝላ ከእንጦጦ ስትወርድ የነበረችው ሴት ግን ፎቶዋ እንኳ ቢገኝ ከሥሩ የሚጻፍላት «እንጨት ተሸካሚ» ተብሎ ነው። አራዳ ገበያም እንደዚሁ፤ ጃንጥላው ይታያል፣ በቅሎው ይታያል፣ ሕዝቡ ይታያል፤ ማን ምን ሸጦ ወዴት እንደገባ የሚነግር የለም።

የባሰም አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ታረደች። የሟቹን ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ሲለው፣ ታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ያደርሰዋል። የተቃጠለው ጎጆና የተጋደመው ሬሳ በፎቶ አለ። ከዚያ ፎቶ አብዛኛውን ያነሱት ራሳቸው ጣሊያኖቹ ናቸው፤ ለማስታወሻ ብለው ኪሳቸው የከተቱት ኋላ ማስረጃ ሆነባቸው። በዚያን ቀን አንድ አበሻ ካሜራ ይዞ መንገድ ላይ በወጣ ብዬ አልመኝም፤ እሱም አብሮ ይጋደም ነበር። ነገር ግን የከተማችንን የመከራ ቀን የምናየው በገዳዮቻችን ዓይን መሆኑን ያወቀ ሕዝብ፣ ከነጻነት ማግሥት ጀምሮ ልጆቹን «ካሜራ ያዙ፣ የራሳችሁን ደጅ ራሳችሁ አንሱ» ብሎ መለመን ነበረበት። እኛስ ምን አደረግን? ሰሌዳ ሰቀልን።

ሰሌዳው ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። አንድ ማለዳ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስወርድ አንድ ግድግዳ አስቆመኝ። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ጭቃ፤ ቀለሙ ተደራርቦ ተደራርቦ መላጥ ጀምሯል። ሰማያዊው ሲላጥ ቢጫው ወጥቷል፣ ከቢጫው ሥር ደግሞ በብሩሽ የተጻፈ «ልብስ ስፌት» የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሏል፤ የ«ፌ» እግር ቀጠን ብሎ ተስቧል፣ የጻፈው ሰው በእጁ የሚኮራ እንደነበር ያስታውቃል። ከጽሑፉ አጠገብ ባለ ስድስት አሃዝ ስልክ ቁጥር አለ። ስልካችን ባለ አሥር አሃዝ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ስለሆነ ሰፊው ከዚያ በፊት የነበረ ሰው ነው። የቤት ስልክ ለማስገባት ዓመታት በሚጠበቅበት ዘመን መስመር ከነበረው ደግሞ ደህና ደንበኛ ነበረው ማለት ነው። ከበሩ በላይ ሦስት የመብራት ቆጣሪ ተደርድሯል፤ አንድ ግቢ፣ ቢያንስ ሦስት አባወራ። መቼም ይህን ሁሉ በአንድ ክንድ ስፋት የሚነግር ማኅደር የትም ቢሮ አታገኙም። ስልኬን አወጣሁ።

«ወንድም! ምንድን ነው የምታነሳው?»

«ግድግዳ ነው።»

«ግድግዳ ምን ያደርግልሃል?»

«ደስ ብሎኝ ነው።»

«ፈቃድ አለህ?»

«ለግድግዳ?»

«ለማንኛውም ነገር።»

ጥበቃው የሚጠብቀው ያንን ቤት አልነበረም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለ ሌላ ግቢ ነበር። ስልኬን ተቀብሎ ፎቶውን ራሱ አጠፋው። በዚህም አልበቃውም፤ የተሰረዙ ፎቶዎች የሚቀመጡበትን ማኅደር ከፍቶ ከዚያም አጠፋው። ሥራውን ያውቃል! በእሱ አልቆጣም፤ የታዘዘውን የሚሠራ ደመወዝተኛ ነው። የምቆጣው ባዘዘው ሰው ነው። ያዘዘውስ በምን ሕግ ነው ያዘዘው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመሰብሰብና የማሰራጨት ነጻነትን ይደነግጋል። የጦር ካምፕ አይነሳ፣ እሺ። የቤተ መንግሥት በር አይነሳ፣ እሺ። የልብስ ሰፊ ግድግዳ ግን የማን ምስጢር ነው? ፎቶ የሚያነሳ ሁሉ ሰላይ ነው የሚለው ፍርሃት ከደርግ ዘመን የወረስነው ይመስለኛል፤ ያኔ «ማን ላከህ?» የሚለው ጥያቄ ሕይወት ያስከፍል ነበር። ዘመኑ አልፎ ጥያቄው ሥራ ላይ ቀርቷል። መንገደኛው እንኳ ከጥበቃው ቀድሞ «ምን ፈልጎ ነው?» ይላል።

ግድግዳው ዛሬ የለም።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ዙሪያው ያለው ሰፈር ይፈርስ ጀመር። ዶሮ ማነቂያ ሄደ። የሕንድና የአርመን አናጢዎች እጃቸውን ያሳረፉባቸው የእንጨት በረንዳዎች ከእነ ጥልፋቸው ተጫኑ። በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ። ከዚያ በፊትም ሰንጋ ተራና አሮጌ ቄራ ሄደዋል። የጭቃ ቤት ናፋቂ ነው እንዳትሉኝ፤ እኔ የተወለድኩት እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ነው። ሽንት ቤቱ ለሰባት ቤተሰብ አንድ ነበር፣ ክረምት ሲገባ እናቴ ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ በቃሏ ስለምታውቅ ሳህን ሳትሳሳት ትደረድር ነበር። ያ ቤት ይኑር ብሎ የሚከራከር ካለ አንድ ሐምሌ ይደርበት። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ሲፈርስ ማን አየው?

ፓሪስን እንደ አዲስ የቀየሰው ባሮን ኦስማን ደግ ሰው አልነበረም፤ ድሃውን ከመሀል ከተማ ጠርጎ አውጥቷል ተብሎ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። ሆኖም የዚያን ጊዜው የፓሪስ አስተዳደር ሻርል ማርቪል የሚባል ፎቶ አንሺ ቀጥሮ፣ ሊፈርሱ የተወሰነባቸውን ጠባብ መንገዶች አስነሳ። ማርቪል ከባዱን የእንጨት ካሜራውን እየተከለ 425 ያህል ፎቶ አነሳ፤ የድንጋዩ ርጥበት፣ የሱቁ ጽሑፍ፣ በመንገዱ መሀል የሚወርደው እድፍ ሳይቀር ይታያል። ግላስጎውም እንዲሁ ነው፤ በፈረንጆቹ በ1868 እና በ1871 መካከል ቶማስ አናን የተባለ ባለሙያ የድሆቹን ሰፈር ከመፍረሱ በፊት እንዲያነሳ የቀጠረው ያው ሊያፈርስ የተነሳው የከተማ ድርጅት ነበር። አስተውሉልኝ፤ አፍራሹ ነው የቀጠረው! አፍራሹ እንኳ የማየት ግዴታ እንዳለበት የገባው ከ150 ዓመት በፊት ነው። እኛ ዘንድ ግን በእያንዳንዱ ኪስ ካሜራ ባለበት ዘመን፣ ኤክስካቫተሩ ሲገባ ነዋሪው የገዛ ቤቱን በስልኩ ሲያነሳ በጎሪጥ ይታያል። እስከ ዛሬ «ዶሮ ማነቂያ ቤት በቤት የተነሳበት ማኅደር እነሆ» ብሎ ያሳየኝ ሰው የለም። ካለ ያውጣውና ልታረም፤ ደስታውን አልችለውም።

አሁን ወደ እኛ ወደ ፎቶ አንሺዎቹ።

የእኛ ኃጢአት ከጥበቃው አያንስም፤ ጥበቃው አታንሳ ይላል፣ እኛ ተፈቅዶልንም አናይም። ካሜራ ገዝቶ እሑድ ማለዳ የሚወጣው ልጅ ወዴት ይሄዳል? ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ። ምን ያነሳል? ሽማግሌ። ፊቱን አቅርቦ፣ ጥቁርና ነጭ አድርጎ፣ ሽብሽቡ እንዲጎላ አድርጎ። ከሥሩ «ጥበብ» ብሎ ይጽፋል። ሽማግሌው ማን ነው? የጡረታ አበሉ አልበቃው ብሎ የወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ይሁን፣ ሰፈሩ ፈርሶበት ዳር ኮንዶሚኒየም ከተመደበበት ቦታ በሁለት አውቶቡስ ተሳፍሮ የድሮ ደብሩን ሊሳለም የመጣ ሰው ይሁን፣ አልጠየቀውም። እሱ የፈለገው ሽብሽብ ነው። ቀጥሎ የጎዳና ልጅ፤ ዓይኑ ትልቅ፣ ንፍጡ የደረቀ። ለሽልማት ይላካል። በሌላ ወገን ደግሞ ፒያሳን ቡናማ ቀለም ቀብቶ «ደጉ ዘመን» የሚል አለ። ያነሳው ሰው ስም የለም፣ ዓመቱ የለም፣ የግራው ጠርዝ ተቆርጧል። ደጉ ዘመን ያልከው የቱን ነው? የዚያው ፎቶ ተቆርጦ የተጣለው ጠርዝ ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ልጅ ነበረ።

ጠርዙ ያንገበግበኛል፤ ምክንያት አለኝ። በቤታችን አልበም ውስጥ አክስቴ ከጓደኛዋ ጋር ፒያሳ ላይ ቆማ የተነሳችው አንድ ፎቶ አለ፤ አጭር ቀሚስ፣ አፍሮ ፀጉር፣ ቦርሳዋ ክንዷ ላይ። መንገድ ላይ የተነሳ የቤተሰባችን ፎቶ እሱ ብቻ ነው። ለሃምሳ ዓመት እንግዳ በመጣ ቁጥር ሲታይ ሁሉም የሚያየው እሷን ነበር። አንድ ቀን ስካን አድርጌ አሰፋሁት። በቀኝ ጠርዝ ግማሽ ሰይቼንቶ ታክሲ ቆማለች። ከታክሲዋ በስተኋላ አንድ ሊስትሮ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፤ ሥራ የለውም፣ ዙሪያው ጭቃ ነው፣ ክረምት ነው ማለት ነው፤ አክስቴ ግን ነጭ ጫማ አድርጋለች! ከሊስትሮው በላይ የፎቶ ቤት ማስታወቂያ ይነበባል። አክስቴን ዘጠና ዓመት እስኪሞላት ልጠይቃት እችላለሁ። ሊስትሮውን ግን ከዚያ ጠርዝ ሌላ የትም አላገኘውም፤ ፎቶ አንሺውም ሊያነሳው አላሰበም። እንግዲህ የመንገድ ፎቶ ማለት ይህ ልጅ በአጋጣሚ ሳይሆን ታስቦ፣ ጠርዝ ላይ ሳይሆን መሀል የሚገባበት ፎቶ ነው። እንዲህ ያሉትን አልበሞች ከየቤቱ እየለመነ የሰበሰበው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ አስተምሮኛል።

መንግሥት በበኩሉ ከእኛ የፈለገው ፎቶ አንድ ዓይነት ነው፦ ጉርድ። ከደረት በላይ፣ ጆሮ የሚታይበት፣ ጀርባው ነጭ። ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለፓስፖርት። ሰፈር የለም፣ መንገድ የለም፣ ጎረቤት የለም። ስንቶቻችን ነን ከሞትን በኋላ ለሐዘን የሚሰቀለው ፎቶ ጠፍቶ ከመታወቂያ ላይ ጉርዳችን ተነቅሎ የሚተልቅልን?

ስለዚህ ነው ከፎቶ አንሺው ከግርማ በርታ ሥራ ጋር ቅር ተሰኝቼ የምከራከረው። ዓይኑን አደንቃለሁ። በስልክ ካሜራ አዲስ አበባን እየዞረ ያነሳቸውን መንገደኞች ቆርጦ በአንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ላይ ያሳርፋቸዋል፤ ጥላቸው ብቻ ይከተላቸዋል። በፈረንጆቹ 2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት አግኝቶበታል፣ ይገባዋልም። የሰውዬው አካሄድ፣ የተሸከመው ዕቃ፣ የኮቱ አጣጣል እንዲያ ነጥሮ ሲወጣ ማየት ያስደስታል። ግን መንገዱ የት ሄደ? ያ ፍራሽ ተሸካሚ ሽቅብ ነው የሚወጣው ወይስ ቁልቁል? ጎኑ ያለው ቤት ዛሬ አለ ወይ? ለሥዕል ውበት ሲባል የተቆረጠው ጀርባ፣ ኤክስካቫተር ከሚያነሳው ጋር አንድ ነው። ይህን የምለው ከክፋት አይደለም፤ ዋናዎቹ ፎቶዎች ከነመንገዳቸው አንድ ቀን እንዲታዩ ስለምጓጓ ነው።

ሚካኤል ጸጋዬ ሌላውን መንገድ ይዟል። ሠዓሊ ሆኖ ተምሮ የዘይት ቀለም አላስማማው ሲል ወደ ካሜራ የዞረ ሰው ነው። ሲፈርሱ የነበሩ ሰፈሮችን፣ ግማሹ ቆሞ ግማሹ የወደቀ ቤትን፣ በስካፎልዲንግ የተከበበ ፎቅን በትዕግሥት አነሳ፤ ሥራውንም «የወደፊት ትዝታዎች» በሚል ርእስ አሳየ። እንባ አይጎትትም። ግድግዳው የመኝታ ቤት ቀለሙን ይዞ ወደ አደባባይ ተገልጦ ቆሟል፣ በቃ። አይዳ ሙሉነህ በፈረንጆቹ 2010 የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስትም እንዲህ ያሉ ሥራዎች በገዛ ከተማቸው እንዲታዩ በር ከፍቷል። ችሎታ የለም የሚለኝ ሰው እነዚህን አይቶ ይምጣ።

ፈቃድን በተመለከተ ደግሞ የቢሮውን ሳይሆን የሰውን ፈቃድ አከብራለሁ። መርካቶ ውስጥ በርበሬ የምትሸጥ ሴት እጇን ከፊቷ ከጋረደች ነገሩ አለቀ። ካሜራው ይወርዳል፣ ይቅርታ ይጠየቃል፣ በርበሬው ይገዛል ወይም ይታለፋል። እምቢታዋ ከእኔ ጥበብ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ ግን ሰው እምቢ የሚለው ስላልተጠየቀ ነው። አውቶቡስ ተራ አካባቢ አንድ የሚዛን ጠጋኝ ሽማግሌ «ለምን ታነሳኛለህ?» ሲሉኝ «አባባ፣ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ሌላ ስላላየሁ ነው» አልኳቸው። ሳቁና የጠገኑትን ሚዛን ሁሉ ከመጋዘን አውጥተው ደርድረው፣ የትኛው የጣሊያን፣ የትኛው የእንግሊዝ፣ የትኛው የቻይና እንደሆነ እየነገሩኝ ቆሙልኝ። የጣሊያኑ ሚዛን ክብደት ማመልከቻው ላይ አንድ ጥርስ ጎድሎታል፤ «እሱ ሌባ ነው፣ ለዚህ ነው ያልሸጥኩት» አሉ። ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ቦታውን ጻፍኩ። ቀንና ቦታ የሌለው ፎቶ ለነገ ታሪክ ጸሐፊ ከንቱ ነው፤ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ደግሞ አንድ እርሳስ ነው።

እና ጥያቄዬን ላስቀምጥ፤ ለማንም ግልጽ ይሁን። አንድ ሰፈር እንዲፈርስ ሲወሰን አንድ ፎቶ አንሺ ይመደብ። ቤት በቤት ይግባ። በሩን፣ ግቢውን፣ ቆጣሪውን፣ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ሁሉ ያንሳ። ነዋሪው ከፈቀደ ደጃፉ ላይ ከእነ ቤተሰቡ ያቁመው። የቤት ቁጥሩ ከሥሩ ይጻፍ። አንዱ ቅጂ ወመዘክር ይግባ፣ ሌላው ለነዋሪው ይሰጠው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳሎን ውስጥ የሚሰቅለው። ስንቅና ደመወዙ ቢደመር ለአንድ ምረቃ ባነር ከሚወጣው አይበልጥም። በተረፈ «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» የሚሉት ሰሌዳዎች በየትኛው ሕግ እንደተሰቀሉ ሰሌዳው ላይ ይጻፍባቸው፤ ሕግ የሌለው ይነቀል። የመንገድ ፎቶ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ ካለም አድራሻውን ንገሩኝ፤ ሰኞ ማለዳ በሩ ሲከፈት ወረፋው ላይ አንደኛ እኔ ነኝ።